ውጊያው አለፈ፤ ሰውነት ግን ለምን አያርፍም?

ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ነበር፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከከተሞቹ ራቀ። ከዚያም በኋላ በር ድው ሲል ክው የምትሉ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ ካላችሁ፣ ፈሪ ስለሆናችሁ አይደለም።

አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል አደጋ ሲጠረጥር አድሬናሊንና ኮርቲሶል እንዲመነጩ ያደርጋል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ጭንቀቱ ሲረዝም ይህ ማንቂያ በትንሽ በትልቁ መጮህ ይለምዳል። ስለዚህ "በቃ እረፉ" ስለተባላችሁ ብቻ አታርፉም፤ ዕረፍትም ልምምድ ይፈልጋል።

በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሻችሁን ከሳባችሁበት አስረዝማችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ያኔ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያረጋጋል። ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ መጨዋወትም ደግ ነው፤ የማታው ስኒ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ችግሩ ከወር በላይ ከዘለቀ የጤና ባለሙያ አማክሩ።