የጀልባው እውነተኛ ክብደት፦ ለትልቅ የሞተር ጀልባ ተሳቢ ስለመምረጥና ስለመግዛት

ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሐይቅ ላይ ምርምር የሚያካሂድ ተቋም ሁሉ አንድ ቀን ጀልባውን በመንገድ ማጓጓዝ ግድ ይሆንበታል። ያን ቀን የሚወስነው ደግሞ ከወራት በፊት በግዥ ሰነድ ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ነው።

በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከዓመታት በፊት የአንድ ተቋም የግዥ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ስምንት ሜትር ተኩል ርዝመት ላለው ጀልባ ተሳቢ ስንገዛ ክብደቱን ያገኘነው ከአምራቹ ማስታወቂያ ወረቀት ነው፤ 2400 ኪሎ ግራም ይላል። የተሳቢውን የራሱን 900 ኪሎ ግራም ደመርንና 3300 አገኘን። እስከ 3500 የሚፈቀድለት ተሳቢ ይበቃል ብለን ፈረምን። ዋጋውም ከቀረቡት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር።

በኋላ ጀልባው ለጥገና አዲስ አበባ መጥቶ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ አብሬ ተጓዝሁ። የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ከበስተኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስያዘ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከተሳቢው ጎማ ሥር ድንጋይ ሲያስገባ የፍሬኑ ታምቡር ይጨስ ነበር፤ ፍሬኑም መያዝ አቁሟል። ድንጋዩ ቢከዳ ኖሮ ወጣቱ በጎማውና በገደሉ መካከል ነበር። ከተረጋጋን በኋላ ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሲገዛ ማን መዘነው?» ሲል ጠየቀኝ። ማንም አልመዘነውም ነበር። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የሚሰጥ መልስ ነው።

ክብደቱን መቍጠር

አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የባዶ ጀልባን ክብደት ነው። ሞተሩ ሳይካተት የሚቀርበትም ጊዜ አለ። የእኛ ወረቀት እንዲሁ ነበር። እያንዳንዳቸው 280 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሞተሮች 560 ይሆናሉ። ከከተማ ሞልተን እንሂድ ያልነው 600 ሊትር ቤንዚን፣ ሊትሩ በ0.74 ሲሰላ 444 ኪሎ ግራም ነው። የመጠጥ ውሃ 80፤ ባትሪ፣ መልሕቅና ሰንሰለት፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያና መሣሪያ 200 ያህል። ድምሩ 3684፣ ከተሳቢው ጋር 4584 ኪሎ ግራም ነው። ከተፈቀደው ከአንድ ቶን በላይ ይበልጣል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ አሥረኛ ያህል መጠባበቂያ ስንጨምር ወደ 5 ቶን እንደርሳለን። ትክክለኛው ተሳቢ ለ5 ቶን የተሠራው ነበር። ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታዩ ፒክአፖች እንዲጎትቱ የሚፈቀድላቸው ቢበዛ 3500 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ጎታቹም የጭነት መኪና መሆን አለበት። የሚነፍሰውን አየር ብቻ የሚስብ ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ አንድ አሥረኛ ገደማ ጕልበቱን እንደሚያጣም አትርሱ፤ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር የሚያጣው ያነሰ ነው።

ፍሬን፦ የነገሩ ልብ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት 1400 ሜትር ገደማ ነው። 5 ቶን ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 69 ሜጋ ጁል ያህል ነው፤ አንድ ሙሉ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ኃይል በአየር፣ በጎታቹ ሞተርና በፍሬን መካከል ይከፋፈላል፤ ክፍፍሉን የሚወስነው የፍሬኑ ዓይነት ነው።

በርካሽ ተሳቢዎች ላይ የሚገኘው ፍሬን የሚሠራው በግፊት ነው። ጎታቹ ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፤ ግፊቱም ፍሬኑን ያስይዛል። በሜዳ ላይ ጥሩ ነው። በረጅም ቁልቁለት ግን ሾፌሩ እንደ ሙያው በከባድ ማርሽ ሲይዝ፣ ተሳቢው ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑም ያለማቋረጥ ይታሻል። የእኛ ሾፌር ያደረገው ትክክል ነበር፤ ታምቡሩን ያቃጠለው የእኛ ምርጫ ነው። በአውሮፓ ሕግ ይህ ዓይነት ፍሬን ከ3500 ኪሎ ግራም በላይ ለሆነ ተሳቢ አይፈቀድም። ለእኛ መንገድ የሚሻለው ከሾፌሩ እግር በኤሌክትሪክ ታዝዞ በዘይት ግፊት የሚሠራው ነው። ውሃ ውስጥ ለሚገባ ተሳቢም ከታምቡር ይልቅ ዲስክ ይመረጣል፤ ውሃ አያቍርም።

አክስል፣ ጎማና ሚዛን

ለ5 ቶን እያንዳንዳቸው 2.5 ቶን የሚሸከሙ ሁለት አክስሎች በወረቀት ላይ ይበቃሉ፤ ግን ትርፍ የላቸውም። ሦስት ቶን የሚሸከሙ ሁለት፣ ወይም ሦስት አነስተኛ አክስሎች ይሻላሉ። ሦስቱ አንድ ጎማ ቢፈነዳ ጭነቱን ይጋራሉ፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ ግን ጎማ ይፈጫሉ። የተሳቢ ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚያረጀው በመሮጥ ሳይሆን በመቆም ስለሆነ በጎኑ የተጻፉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲያንስ ተሳቢው በፍጥነት ጊዜ እንደ እባብ ይወዛወዛል፤ ሲበዛ የጎታቹ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይላላል። በአሜሪካ ለተሳቢ በጠቅላላው የሚመከረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ለሆነ ጀልባ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓም ያነሰ የተለመደ ነው። ወሳኙ የጎታቹና የተሳቢው አምራቾች ያስቀመጡት ወሰን ነው። የሚስተካከለውም ዊንቹ የቆመበትን ምሰሶ ወይም አክስሉን በማንቀሳቀስ ነው።

ከውሃው ዳር

ጣና ጨው አልባ ስለሆነ በዚንክ የተነከረ ብረት ይበቃናል፤ የአሉሚኒየም ሻንሲ ተጨማሪ ዋጋውን የሚመልሰው በባሕር ዳርቻ ነው። የሐይቁ ውሃ ከክረምት ማግሥት ሞልቶ በግንቦትና በሰኔ ስለሚሸሽና ዳሩም ጥልቀት ስለሌለው፣ ጀልባውን በቀላሉ የሚያንሸራትቱ ተሽከርካሪ ድጋፎች ይረዳሉ። ሆኖም ክብደቱን በጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያከማቹ ለረጅም መንገድ ምንጣፍ የለበሱ ረጃጅም እንጨቶች ይመረጣሉ። ሁለቱን ያጣመረ ተሳቢም ይገኛል።

እንደ ደረሳችሁ ወደ ውሃ አትግቡ። ከጉዞ የጋለ የጎማ እምብርት በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተርና ውሃ ወደ ኩሽኔታው ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል። እስኪቀዘቅዝ የምትጠብቁት ጊዜ ጎማ መንገድ ላይ እንዳይወልቅ ያደርጋል።

ለመግዛት ስትወስኑ

መጀመሪያ መግዛት እንዳለባችሁ ጠይቁ። ጀልባው በዓመት አንዴ ብቻ የሚጓጓዝ ከሆነ፣ ዝቅ ያለ ጭነት ማመላለሻ ከነባለሙያው መከራየት ይረክስ ይሆናል። መግዛት ካለባችሁ ግን በግዥ ሰነዱ ላይ የሙሉ ጭነቱን ክብደት፣ የፍሬኑን ዓይነት፣ የአክስሉንና የጎማውን አቅም፣ ስፋቱንም ጻፉ። ከሻጩ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ጀልባውን ከነነዳጁ በመኪና ሚዛን ላይ አውጡት። በዝቅተኛ ዋጋ የሚወዳደሩት ሁሉም እኩል ሸክም ሲሸከሙ ብቻ ነው።

እኛ በፊርማችን ያተረፍነውን ገንዘብ ዛሬ አላስታውሰውም። ድንጋይ ይዞ ከጎማ ሥር ያጎነበሰውን ወጣት ግን አልረሳውም።