ዜናው በነጻ ነው፤ ታዲያ ዘጋቢው በምን ይኖራል?

በዋግ ኽምራዋ ከተማ በሰቆጣ ያለ ሰው ስልኩን ከፍቶ “ሰበር ዜና” የሚለውን ሲነካ፣ ለዜናው የሚከፍለው ሳንቲም የለም። የሚከፍለው ለዳታ ጥቅሉ ነው፤ ከዚያ ብር ላይ ዜናውን ለሠራው ሰው የሚደርስ ነገር የለም። ታዲያ የዘጋቢው ደመወዝ፣ የካሜራው ዋጋ፣ የቢሮው ኪራይ ከየት ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወቂያ ነው። በጋዜጣ ዘመን አንድ ባንክ ገጽ ገዝቶ ማስታወቂያውን ያወጣል፤ ጋዜጣውን ማንም ያንብበው ማን፣ ዋጋው ያው ነው። በኢንተርኔት ግን የሚሸጠው አንባቢው ነው። ገጹ እስኪከፈት ባለችው ቅጽበት ውስጥ በኮምፒውተሮች መካከል ጨረታ ይካሄዳል። ይህ ሰው የት አገር ነው ያለው? በምን ዓይነት ስልክ ነው የሚያየው? ሰሞኑን ምን ሲፈልግ ነበር? ብልጫ ያለውን ዋጋ የሰጠው ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ነገሩ የፍየል ገበያ ይመስላል፤ የሚዳበሰውና ዋጋ የሚቆረጥለት ግን አንባቢው ነው።

ሒሳቡ የሚያዘው በሺህ እይታ ነው። ዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ ያየው ዜና፣ ሰቆጣ ያለው ሰው ካየው ይልቅ በብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ አስተዋዋቂው የሚያስበው ማን መኪናና ኢንሹራንስ ሊገዛ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ከማስታወቂያ ብቻ የሚኖር አዘጋጅ ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ውጭ ያማትራል። ስለ ዋግ ሲጽፍ እንኳ የሚጽፈው ለዋግ ሰው አይደለም።

ዩቲዩብን ጠጋ ብለን እንየው። ረዘም ካሉ ቪዲዮዎች ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለቻናሉ ይሰጣል፣ ቀሪውን ዩቲዩብ ይይዛል። ቪዲዮው 8 ደቂቃ ከሞላው ደግሞ መሃሉ ላይም ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቀዳል፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ወሰኑ 10 ደቂቃ ነበር። በሁለት ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ወሬ በሰላምታ፣ በሙዚቃ፣ “አብራችሁን ቆዩ” በሚል ልመና ሲጓተት የምናየው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ርዕሱ የሚጮኸውም ካልተነካ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ቴሌግራም ላይ አሠራሩ ቀለል ይላል፤ ብዙ ተከታይ ያለው ቻናል ከድርጅቶች ጋር በቀጥታ ተዋውሎ ማስታወቂያቸውን ከዜናው መሃል ይለጥፋል።

በ2016 ዓ.ም. የዋግ ወረዳዎች የሆኑትን ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን ድርቅ ሲመታ ይህ አሠራር ምን እንደሚያደርግ አስቡት። እዚያ ደርሶ ከአርሶ አደሩ ጋር ተቀምጦ፣ ከብቱን አይቶ፣ የወረዳውን ኃላፊ ጠይቆ ለመመለስ መኪና፣ ነዳጅና አበል ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ ዘገባ ያነበንበዋል፤ የሚያስደነግጥ ርዕስም ይሰጠዋል። ማስታወቂያው ወጪ ያወጣው የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው እይታን ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምቆረቆረው በዚህ ነው።

የዋግ ነገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። ያ ድርቅ ዜና የሆነው እንግዲህ የድርቁ ባለቤቶች ሊያነቡት በማይችሉበት ጊዜ ነው። ስህተት ቢኖር “እንዲህ አይደለም” ብሎ የሚያርም የአካባቢው ሰው በመስመር ላይ አልነበረም።

ቋንቋውም አለ። በዋግ ሕዝብ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ የተጻፈ ዜና ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ ብሎ የሚጫረት ኩባንያ ማግኘት ከባድ ነው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) በኽምጥኛ የሚያሰራጨው ዝግጅት ለጨረታው ቢተው ኖሮ አንድ ወር የሚቆይ አይመስለኝም፤ የያዘው የሕዝብ ተቋም መሆኑ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የራሱ ጫና አለው፣ ያንን አልክድም። ቢሆንም አንድን ቋንቋ ገበያው ስላልፈለገው ብቻ ዝም ከማሰኘት ይሻላል።

የሰቆጣን ስም አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባው ቃል ኪዳን “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ይባላል። ቃሉ ዋግ ውስጥ እንዴት እየተፈጸመ እንደሆነ ጤና ጣቢያ እየሄደ የሚጠይቅ ዘጋቢ ግን ደመወዙን ከእይታ ቆጠራ አያገኝም።

ስለዚህ ዜና ስታጋሩ የቀዳውን ትታችሁ መጀመሪያ የሠራውን ገጽ አጋሩ፤ ቢያንስ እይታው ለለፋው ይድረሰው። በውጭ አገርና በአዲስ አበባ ያላችሁ የዋግ ልጆች ደግሞ ለትምህርት ቤትና ለውሃ ጉድጓድ ገንዘብ ስታሰባስቡ፣ ሰቆጣ ተቀምጦ በአማርኛም በኽምጥኛም ለሚዘግብ አንድ ሰው የዓመት ደመወዝ የሚሆን አብራችሁ አስቡበት።