ዕድሜና ማኅበራዊ ግፊት በሙዚቃ ምርጫ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

ተማሪዎችን ለትምህርታዊ ጉብኝት ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ይዞ የሚጓዝ መምህር በአውቶቡሱ ውስጥ ስለ ዘፈን የሚነሣውን ክርክር ሳያስተውል አይቀርም። እርሱ የጥላሁን ገሠሠን ዜማ ሲወድ፣ ተማሪዎቹ አዲስ ዘፈን እንዲከፈትላቸው ይጠይቃሉ። ከመካከላቸው የቆየውን ዜማ የሚወድ ቢኖር እንኳ የጓደኞቹን ሣቅ ፈርቶ ዝም ይላል። ለዚህ ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜና ማኅበራዊ ግፊት ናቸው።

ሆልብሩክና ሺንድለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አብልጠው የሚወዱት ዕድሜያቸው 24 ዓመት ገደማ በነበረበት ጊዜ የተስፋፋውን ሙዚቃ መሆኑን አመልክተዋል። በአገራችንም ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ባቋቋመው ድርጅት የታተሙትን ሸክላዎች በወጣትነታቸው ያደመጡ ሰዎች፣ ዛሬ አያቶች ሆነው ያንኑ ዜማ ይናፍቃሉ። እንግዲህ «የዛሬ ዘፈን ለዛ የለውም» የሚለው ፍርድ ከዘፈኑ ይልቅ የፈራጁን ዕድሜ የሚገልጽበት ጊዜ አለ።

ስለ ማኅበራዊ ግፊት ደግሞ ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አስረጂ ነው። ከ14,000 የሚበልጡ አድማጮች 48 የማይታወቁ ዘፈኖች ቀረቡላቸው። ሌሎች የመረጡትን እንዲያዩ የተደረጉት አድማጮች ወደ ብዙኃኑ ምርጫ አዘነበሉ፤ ተወዳጅ የሆነውም ዘፈን ከቡድን ቡድን ተለያየ።

በእኛ ኅብረተሰብ ይኸው ግፊት «አዝማሪ» በሚለው ስም ንቀትን እያስከተለ ብዙ ተሰጥዎ አፍኗል። ጥላሁን ገሠሠ በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማር፣ አያቱ በትምህርቱ ብቻ እንዲተጋ ይፈልጉ ነበር። ሱዳናዊው ርእሰ መምህር ሚስተር ሸዳድ ግን ዝንባሌውን አበረታቱለት። ልጁም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሀገር ፍቅር፣ ቀጥሎም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለመዝፈን በቃ።

ከዚህ የምንረዳው የመምህር አንዲት ቃል የቤተሰብንና የጓደኛን ግፊት ልትመክት እንደምትችል ነው። በመሆኑም መምህሩ በክፍል ውስጥ የበገና፣ የማሲንቆና የዘመናዊ ሙዚቃ ቅጂዎችን የተጫዋቹን ስም ሳይገልጽ ቢያሰማ፣ ተማሪዎችም ከመወያየታቸው በፊት አስተያየታቸውን ለየብቻቸው ቢጽፉ ይጠቅማል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለዚህ በቂ ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል። ያን ጊዜ በአውቶቡሱ ውስጥ ዝም ያለው ተማሪ የሚወደውን ሳያፍር ለመናገር ይደፍራል፤ መምህሩም የተማሪዎቹን ዘፈን በትዕግሥት ማድመጥ ይለምዳል።