የምናባዊ ዲስክ መምሪያና የውሂብ ደኅንነት፦ የኪዩኢሙ ተሞክሮ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በተጂ በግል ኮምፒውተሩ የመመረቂያ ሙከራውን የሚያካሂድ ተማሪ መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚያሳስበው ጉዳይ አለ። በምናባዊው ማሽን ውስጥ «ተጽፏል» የተባለው ውሂብ በእርግጥ ዲስክ ላይ ደርሶ ነበርን? መልሱ ዲስኩ በተዘጋጀበት የአማራጮች ስብስብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አማራጮቹ ምን ማለት እንደሆኑ የሚናገረው ደግሞ መምሪያው ነው። መምሪያው ካረጀ ተማሪው በማያውቀው ሁኔታ ውስጥ ሙከራ ያካሂዳል።

ኪዩኢሙ ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ባለሙያ ያስጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የቀረበ የማሽን አስመሳይ ሶፍትዌር ነው። በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ምናባዊ ዲስክ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው እንግዳው ሥርዓት የሚያየው መሣሪያ ሲሆን አይዲኢ፣ ቨርትአዮ ወይም ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በአስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው ማከማቻ ነው፤ ይህም ጥሬ ፋይል ወይም «ኪዩካው 2» የሚባለው ቅርጸት ሊሆን ይችላል። የቀድሞዎቹ አጫጭር አማራጮች ሁለቱን ገጽታዎች አንድ ላይ ቀላቅለው ይገልጹ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ቅጂ 2.9 የቀረበው «ብሎክዴቭ» የተባለው አማራጭ ግን ማከማቻውን ከመሣሪያው ለይቶ ያስቀምጣል። አዲሱ አጻጻፍ ረዘም ያለ በመሆኑ የቆዩት ምሳሌዎች ከእጅ ወደ እጅ መተላለፋቸውን አላቆሙም።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳች የሆነው የካሽ አማራጭ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ተጠቃሚው ምንም ካልገለጸ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስክ ላይ ሳያጸና «ተፈጽሟል» አይልም ነበር። ከቅጂ 1.2 ጀምሮ ግን የነባሪው ሁኔታ ተለወጠ፤ ጽሑፉ በአስተናጋጁ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንደገባ ለእንግዳው ሥርዓት መልስ ይሰጣል፤ ዲስክ ላይ የሚጸናው እንግዳው የማጽናት ትእዛዝ ሲልክ ነው። ትእዛዙን በአግባቡ የሚልክ ሥርዓት በዚህ አይጎዳም፤ ፍጥነትም ያገኛል። ከለውጡ በፊት የተጻፈ ማስታወሻ ይዞ «ነባሪው እያንዳንዱን ጽሑፍ ያጸናል» ብሎ የሚያምን ሰው ግን፣ በተለይ ፕሮግራሙ የማጽናት ትእዛዝ የማይልክ ከሆነ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የነበሩትን የመጨረሻ ውጤቶች ሊያጣ ይችላል።

ስያሜዎቹም ራሳቸው ማብራሪያ ይፈልጋሉ። «ካሽ የለም» የሚለው አማራጭ ጊዜያዊ ማቆያ ፈጽሞ እንደሌለ ያስመስላል። በተግባር የሚያደርገው የአስተናጋጁን ማኅደረ ትውስታ ማለፍ ብቻ ነው፤ የዲስኩ የራሱ ማቆያ እንዳለ ስለሚቀር የማጽናት ትእዛዝ አሁንም ያስፈልጋል። መምሪያው ይህን ግርታ ያቃለለው እያንዳንዱን ስያሜ በሦስት ጥያቄዎች በመተንተን ነው፦ መልሱ ጽሑፉ ሳይጸና ይሰጣልን? የአስተናጋጁ ማኅደረ ትውስታ ይታለፋልን? የማጽናት ትእዛዝ ችላ ይባላልን? ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎን» የሚል መልስ ያለው «ደኅንነት የለሽ» የተባለው ሁኔታ ብቻ ነው። ይህ ሁኔታ ቢበላሽ እንደገና ሊሠራ ለሚችል ሥራ እንጂ ለምርምር ውሂብ አይሆንም። የዲስክ ፋይልን ከአንድ ቅርጸት ወደ ሌላ የሚለውጠው ንዑስ ትእዛዝ ለሚጽፈው ፋይል ይህንኑ ሁኔታ በነባሪነት ይጠቀማል፤ ስለዚህ ለውጡ እንዳለቀ የመጀመሪያውን ፋይል መሰረዝ ችኮላ ነው።

የቅርጸት ጉዳይ ደግሞ ከውሂብ መጥፋት አልፎ ወደ ጸጥታ ጥያቄ ያመራል። ቀድሞ ተጠቃሚው የፋይሉን ቅርጸት ካልገለጸ ሶፍትዌሩ የፋይሉን መጀመሪያ አንብቦ ይገምት ነበር። በጥሬ ፋይል ላይ የሚሠራ እንግዳ ሥርዓት ግን በዲስኩ መጀመሪያ ላይ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የ«ኪዩካው 2» መለያ ጽፎ፣ «መሠረት ፋይሌ ይህ ነው» በማለት በአስተናጋጁ ላይ ያለ ሌላ ፋይል ቢጠቁም፣ በቀጣዩ ማስነሻ የዚያን ፋይል ይዘት ሊያነብ ይችላል። ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በይፋ ተመዘገበ። ዛሬ ሶፍትዌሩ በግምት «ጥሬ» ብሎ የወሰደውን ፋይል ሲከፍት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ብሎክ ላይ የሚደረገውንም ጽሑፍ ይገድባል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ለውጥ በብዙ የላቦራቶሪ መልመጃዎች ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል። በመሠረት ፋይል ላይ ተደራቢ ፋይል ሲፈጠር የመሠረቱን ቅርጸት አለመግለጽ ከቅጂ 5.1 ጀምሮ የማይመከር ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቅጂ 6.1 ደግሞ ጨርሶ ተከለከለ። ኡቡንቱ 20.04 ይዞት የመጣው ቅጂ 4.2፣ ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የመጣው 6.2 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ላይ ያለ ቅሬታ ይሠራ የነበረ የመልመጃ ትእዛዝ በሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ የተማሪው ወይም የኮምፒውተሩ ሊመስል ይችላል፤ ያረጀው ግን መልመጃው ነው።

የሶፍትዌሩ አዘጋጆች መምሪያውን ከኮዱ ጋር ለማራመድ የመረጡት ዘዴ ሊጠና የሚገባው ነው። የትእዛዝ አማራጮቹ ማብራሪያ በምንጭ ኮዱ ውስጥ በአንድ ፋይል ተቀምጧል፤ አጭሩ እርዳታም ሆነ ሙሉው መምሪያ የሚወጡት ከዚያ ነው። የ«ብሎክዴቭ» ዝርዝሮች ደግሞ እያንዳንዱ ባሕርይ ከየትኛው ቅጂ ጀምሮ እንደመጣ ተጽፎባቸዋል። ሊወገድ የታሰበ ነገር በቅድሚያ በተለየ ምዕራፍ ይታወጃል፤ ከማስታወቂያው በኋላም ቢያንስ ለሁለት ቅጂዎች ይቆያል። ዘዴው ፍጹም አይደለም። አንድን አማራጭ በትክክል የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አማራጮቹ ሲጣመሩ ምን እንደሚከተል አይናገርም፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ብዙ ጊዜ ይኸው ጥምረት ነው።

ኔትወርክ በማይታመንበት አካባቢ ለሚሠራ ተመራማሪ ከዚህ አሠራር የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚጫነውና በ«ማን» ትእዛዝ የሚነበበው መምሪያ ከተጫነው ቅጂ ጋር የሚስማማ ነው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከዓመታት በፊት ወርዶ በፍላሽ ሲዘዋወር ከኖረ ሰነድ ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

በምርምር ጽሑፍ ውስጥም «ሙከራው በኪዩኢሙ ተካሄደ» ማለት በቂ አይደለም። የዲስክ ፍጥነት የለካ ጥናት የሶፍትዌሩን ቅጂ ቁጥር፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የፋይሉን ቅርጸትና የካሽ ሁኔታውን ካልገለጸ፣ የተለካው ዲስኩ ይሁን የአስተናጋጁ ማኅደረ ትውስታ አንባቢው ሊለይ አይችልም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ የ«ኪዩካው 2» ፋይል ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት በመመርመሪያው ንዑስ ትእዛዝ ሊፈተሽ ይገባል። ፍተሻው ባለቤት አልባ ሆኖ የቀረ ቦታ ብቻ ካገኘ ጉዳቱ ከቦታ ብክነት አያልፍም፤ ብልሽት መኖሩን ካመለከተ ግን ማንኛውም የማረም ሙከራ በፋይሉ ግልባጭ ላይ መደረግ አለበት። ለጥሬ ፋይል ይህ ፍተሻ የለም፤ የሚቀረው በእንግዳው ሥርዓት ውስጥ የፋይል ሥርዓቱን መመርመር ነው።