ጉድጓዱ የሚናገረውን ማን ይመዝግብ?

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ፣ በውኃ ሥራ የተዘዋወረ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ፤ «ሲቆፈር ሞልቶ ነበር፤ አሁን ምን ነካው?» ጉድጓድ ስሞክር የኖርኩ ባለሙያ በመሆኔ ጥያቄው እኔንም ይመለከተኛል።

እንደሚታወቀው የአካባቢው አለት በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው። ውኃው በአሸዋ ውስጥ እንዳለው በእኩል አይሠራጭም፤ በስንጥቆችና በበሰበሰው አለት ውስጥ ይቋጠራል። ስንጥቁ በር ነው፤ ውኃ በፍጥነት ያሳልፋል እንጂ ብዙ አይዝም። ጎተራው ዙሪያውን ያለው የበሰበሰ አለት ሲሆን፣ እሱ ደግሞ የሚሰጠው በዝግታ ነው።

ይህን ጠባይ ቀድመው በስሌት ካስቀመጡት መካከል የነዳጅ መሐንዲሶች ይገኙበታል። ዋረንና ሩት እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት፣ ስንጥቅ በበዛበት አለት የተቆፈረ ጉድጓድ ግፊቱ በሦስት ደረጃ ይወርዳል። መጀመሪያ ስንጥቁ ይራቆታል፤ ቀጥሎ አለቱ ማቀበል ሲጀምር ግፊቱ ረጋ ይላል፤ በመጨረሻ ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ። በውኃ ጉድጓድ ደግሞ በግፊት ፈንታ የውኃው ከፍታ ይለካል።

አታላዩ ሁለተኛው ደረጃ ነው። ፓምፑ ለ24 ሰዓት ሠርቶ ውኃው ረጋ ሲል «ጉድጓዱ አስተማማኝ ነው» ብለን እንፈርማለን። እኔም ከክረምት ማግሥት በሞከርኩት አንድ ጉድጓድ ላይ ፈርሜ ነበር። በግንቦት ስመለስ ቦኖው ደርቆ፣ ጄሪካን ተሰልፎ ጠበቀኝ። የፓምፕ ሠራተኛውን ደብተር ብገልጥ የተጻፈው የናፍጣ መጠን ብቻ ነበር። ውኃው መቼ መውረድ እንደጀመረ የሚነግረኝ አንድም ቁጥር አላገኘሁም።

ስለዚህ እውነተኛው ሙከራ የሚጀምረው ከርክክቡ በኋላ ነው። በየቀኑ ሦስት ነገር ይመዝገብ፤ የተቀዳው መጠን፣ ፓምፑ የሠራበት ሰዓት፣ ጠዋት ከመነሳቱ በፊትና እየሠራ ሳለ የውኃው ጥልቀት። የጠዋቱ ከፍታ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር እየወረደ ከሄደ ከጎተራው ከሚተካው በላይ እየወሰድን ነው፤ የምንቀዳበትን ሰዓት መቀነስ ይገባል። የጠዋቱ ሳይለወጥ ፓምፑ ሲሠራ ብቻ አብዝቶ የሚወርድ ከሆነ ጉድጓዱ ራሱ ተደፍኗል፤ ይጠረግ። ሁለቱም ሳይወርዱ የሚወጣው ውኃ ካነሰ ግን ፓምፑን ወይም ቧንቧውን እንጠርጥር።

ይህ የሚጠይቀው ደብተርና የጥልቀት መለኪያ ገመድ ነው። ሁለተኛ ጉድጓድ ከመቆፈር እጅግ ይረክሳል።