ጥራቱ የተጓደለ ጥይት በጠመንጃና በተኳሹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አግኝተው መሣሪያ የያዙ ዜጎች ጠመንጃቸው አልተኩስ ሲል ወይም ጥይት ሲነክስ በቅድሚያ የሚጠረጥሩት መሣሪያውን ነው። ይሁንና በሚገባ የጸዳና የተወለወለ ጠመንጃም ቢሆን ጥይቱ የተበላሸ ከሆነ ሊከሽፍ፣ ሊነክስ፣ ከዚያም አልፎ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

አንድ ጥይት ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር እንዲሁም በቀለሁ መቀመጫ ላይ ሆኖ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኮሻ በአንድነት የሚገኙበት ነው። እርጥበት መለኮሻውንና ባሩዱን ያዳክማል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሙቀት ደግሞ ባሩዱን ያበላሻል። ዝናርን ከምድጃ በላይ መስቀልም ሆነ ጥይትን መሬት ውስጥ መቅበር ለዚሁ ጉዳት ያጋልጣል።

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ ወዲያውኑ አቀባብሎ ማስወጣት አይገባም። ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል አፈሙዙን ሰውና እንስሳ ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው ግን ጨርሶ ያልተኮሰው ሳይሆን በደካማ ድምፅ የተኮሰው ጥይት ነው። ባሩዱ ሲያንስ ወይም ሲርስ አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። በክላሽንኮቭና በመሰል መሣሪያዎች ላይ ግፊቱ ስለሚያንስ ቀለሁ በራሱ ላይወጣ ይችላል፤ ተኳሹም «ነከሰ» ብሎ በእጁ ያቀባብልና ሁለተኛውን ይተኩሳል። ሁለተኛው አረር መንገዱን ተዘግቶ ሲያገኘው የሚፈጠረው ግፊት ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለሆነም ድምፁ ከወትሮው ካነሰ ወይም ትከሻ ላይ የሚሰማው ምት ከደከመ ተኩሱን ማቆም፣ መሣሪያውን ባዶ ማድረግና ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። የተቀረቀረውን አረር በሌላ ጥይት ገፍቶ ለማስወጣት መሞከር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የቀለህ ጥራትም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1885 በሱዳን አቡ ክሌያ በተካሄደው ውጊያ የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ደጋግሞ ነክሷል። ቀለሁ ከስስ ናስ ተጠቅልሎ የተሠራ በመሆኑ ጠመንጃው ሲሞቅና አሸዋ ሲገባበት ከመቀመጫው እየተቀደደ ውስጥ ይቀር ነበር፤ በኋላም ወጥ በሆነ የናስ ቀለህ ተተክቷል። ዛሬም የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም የዛገ ቀለህ ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል።

በአንዳንድ የቆዩ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ያለው ኬሚካል ከተኩስ በኋላ ቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውም እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል። ዘይት ብቻውን ይህን ጨው አያሟሟውም። በውኃ አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

በተጨማሪም «7.62» የሚለው ቁጥር ብቻውን ጥይቱ ለመሣሪያው ተስማሚ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። የኤኬ 47 ቀለህ በስያሜው 39 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የድራጉኖቭ 54 ሚሊ ሜትር ነው።

የተበላሸ ጥይት በእጁ የሚገኝ ባለፈቃድ በአካባቢው ለሚገኘው ፖሊስ አስቀድሞ በማሳወቅ ስለ አረካከቡ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥይቱን መፍታት፣ ማቃጠል፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅም ሆነ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይገባም።