ወደቡ የከተማው፣ ጉምሩኩ የመንግሥት

ከጃፓን ጋር የሚነግድን ሰው፣ ዕቃው ዮኮሃማ ወይም ኮቤ ሲደርስ፣ ሁለት ባለሥልጣኖች ይጠብቁታል። የወደቡ አስተዳዳሪ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ቀረጥ ተቀባዩ ጉምሩክ ግን በማዕከላዊው መንግሥት በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ነው። የዚህን የሥልጣን አከፋፈል አመጣጥ ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል።

በ1871 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሜይጂ መንግሥት የመሳፍንቱን ግዛት ሽሮ አገሩን በጠቅላይ ግዛት ከፈለ። ገዥዎቹም ከቶኪዮ ይሾሙ ነበር፤ የአገር ግዛት ሚኒስቴርም ፖሊሱንና ገዥውን በአንድ እጅ ይዞ ቆየ። በ1947 ግን አዲሱ ሕገ መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠ። ገዥና ከንቲባ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ ሆኑ፤ ሚኒስቴሩም በዚያው ዓመት ፈረሰ። ዛሬ ጠቅላይ ግዛቶቹ 47 ናቸው።

በ1950 የወጣው የወደብ ሕግ የወደቦችን አስተዳደር ለየአካባቢው ሰጠ። የዚህም ሥልጣን ክብደት በኮቤ ታየ። በ1975 የከተማው ምክር ቤት፣ የኑክሌር መሣሪያ አለመጫኑን በጽሑፍ ያላረጋገጠ የጦር መርከብ ወደቡ እንዳይገባ ወሰነ። የውጭ ጉዳይ የቶኪዮ ሥራ ቢሆንም፣ የወደቡ ቁልፍ በከንቲባው እጅ ነበርና የአሜሪካ የጦር መርከቦች ለብዙ ዓመታት ወደ ኮቤ አልመጡም።

ይሁን እንጂ ገንዘብ የሌለው ሥልጣን ጎዶሎ ነው። ጃፓኖች አስተዳደራቸውን «የሠላሳ በመቶ ራስ ገዝ» እያሉ ሲተቹት ኖረዋል፤ ከአካባቢው ገቢ ከራሱ ግብር የሚገኘው ሢሶ ያህል ብቻ ነበርና። የቀረው በአብዛኛው ከማዕከል በሚከፋፈል ግብር፣ በድጎማና በብድር ይሞላል። ከዚህም በላይ የተመረጠው ከንቲባ በብዙ ሥራ የሚኒስትር ትእዛዝ ፈጻሚ ነበር። ይህ አሠራር በሚያዝያ 2000 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ቀረ። ከተሞችም መብታቸውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ለመዱ፤ ሚኒስቴሩ በ2019 ከግብር ስጦታው ሥርዓት ያስወጣት የኢዙሚሳኖ ከተማ ከስሳ፣ በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላት።

የንግድ ሕጉ ግን ከማዕከል አልወጣም። በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቶ ጥብቅ ምርመራ ሲታዘዝ፣ ትእዛዙ የወጣው ከወደቡ ከተማ ሳይሆን ከማዕከላዊው የጤና ሚኒስቴር ነበር። ስለዚህ የመርከብ መግቢያና የወደብ ክፍያ ጉዳይ ለከተማው፣ የቀረጥና የምግብ ምርመራ ጉዳይ ለማዕከላዊው መንግሥት መሆኑን ላኪውም አስመጪውም አስቀድሞ ሊለይ ይገባዋል። በማይመለከተው መሥሪያ ቤት ደጅ የሚጠና ነጋዴ ቀኑንም የመጋዘን ኪራዩንም ይከስራል።